ሁለት ክሎዝ በአንድ ኮማ፦ ችግርና መፍትሄ

በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሰብጀክትና (ባለቤት) ቨርብ (ግስ) መለየት እንደሚቻል ወስደን እንጀምር። ክሎዝ ማለት ሰብጀክትና ቨርብ ያለው የቃላት ስብስብ ነው። ኢንዲፔንደንት (ብቻውን የሚቆም) ክሎዝ ሰብጀክት አለው፣ ጊዜ የሚያሳይ ቨርብ አለው፣ ፊቱ ላይ እንደ "ቢኮዝ" ወይም "ኦልዞው" ያለ ጥገኛ የሚያደርገው ቃል የለበትም።

የስህተቱ ምልክት፦ መምህሩ ኮማዋን በቀይ ያከብባታል፣ ጸሐፊው ግን ምኗ እንደተጠላ አይገባውም።

"ዘ ቦት ሌፍት ዜጌ, ኢት ሪችድ ባሕር ዳር አት ኑን."

ምክንያት፦ "ዘ ቦት ሌፍት" አንድ፣ "ኢት ሪችድ" ሁለት። ሁለቱም ሙሉ ናቸው፣ ማያያዣ ግን የለም። የእንግሊዝኛ ኮማ ብቻውን ሁለት ሙሉ ክሎዝ አይሸከምም። በአማርኛ ይህን ሥራ ድርብ ሰረዝ ይሠራዋል፤ ነጠላና ድርብ ሰረዝን እያምታታ የኖረ እጅ እንግሊዝኛውንም እንደዚያው ይጽፈዋል። "ትንፋሽ ባለቀበት ኮማ አድርጉ" የሚል አጋዥ መጽሐፍ ካላችሁ ጣሉት፤ የዚህ በሽታ ግማሹ ከእሱ ነው።

መፍትሄ፦ ነጥብ አድርጎ መለየት የማያሳፍር መንገድ ነው። ሐሳቦቹ በጣም ከተቀራረቡ ሰሚኮለን (;) ይሁን። ወይም ኮማዋ ትቆይና ከኋላዋ ከሰባቱ ማያያዣዎች አንዱ ይግባ፦ "ፎር"፣ "አንድ"፣ "ኖር"፣ "በት"፣ "ኦር"፣ "የት"፣ "ሶ"። ባለቤቱ አንድ ከሆነ "ኢት"ን አውጥቶ "ዘ ቦት ሌፍት ዜጌ አንድ ሪችድ ባሕር ዳር አት ኑን" ማለት ይቀላል። አሁን ክሎዙ አንድ ስለሆነ ኮማ አያስፈልግም።

የሐሰት ጥገና፦ ከኮማዋ ኋላ "ሃውኤቨር" ሰክቶ ጨረስኩ ማለት። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በፔዳም በፖሊም ግቢ በመመረቂያ ጽሑፍ ላይ የማይጠፋ ስህተት ይኸው ነው። "ሃውኤቨር" ማያያዣ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ቃሉን ወደ ክሎዙ መካከል ውሰዱት። "ዘ ሮድ, ሃውኤቨር, ወዝ ክሎዝድ" ይሄዳል፤ "በት" ግን ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ ከ"ሃውኤቨር" በፊት ነጥብ ወይም ሰሚኮለን፣ ከኋላው ኮማ። "ዘርፎር"፣ "ዘን" እና "ሞርኦቨር" ላይም ከፊታቸው ኮማ ብቻ አይበቃም። ጽሑፉን ሌላ ሰው ከተየበላችሁ ሰሚኮለኖቹን አንድ በአንድ አረጋግጡ፣ ኮማ ሆነው ይመለሳሉ። ከመጠረዙ በፊት!

ምልክት፦ ማያያዣው በዛ። "ኦልዞው ዘ ፎልስ አር ስሞል ኢን ሜይ, በት ሜኒ ቱሪስትስ ከም." ስለ ጢስ ዓባይ በሚጻፉ የአስጎብኚ ወረቀቶች የተለመደ ነው። "ቢሆንም … ግን" ብሎ ማሰብ ያመጣዋል። ሁለት ክሎዝ የሚፈልገው አንድ ማያያዣ ነው፣ ሦስት ክሎዝ ሁለት። "በት" ይውጣ፣ ኮማዋ ትቆይ።

ምልክት፦ "ዊ ዲድ ኖት ጎ ቱ ዜጌ. ቢኮዝ ዘ ሌክ ወዝ ራፍ." "ምክንያቱም" ብሎ አዲስ ዓረፍተ ነገር መጀመር በአማርኛ ያስኬዳል፤ በእንግሊዝኛ ፈተና ግን "ቢኮዝ" ያለበት ክሎዝ ብቻውን አይቆምም። ነጥቧን አንስቶ ማገናኘት ነው።

"ኢዝ ሬይኒንግ" ሰብጀክት ጎድሎታል፣ "ኢት" ይጨመር። "ዘ ፊሸርመን ሴሊንግ ፊሽ" ላይ "አር" ወይም "ወር" ይግባ።

እንደ "አይ ኬም, አይ ሶው, አይ ሌፍት" ያሉ እጅግ አጫጭር ክሎዞች በኮማ ብቻ ሲደረደሩ ታገኙ ይሆናል። ይፈቀዳል። ፈተና ላይ ግን አትሞክሩት።