ጅማ ላይ ልጆች ይዛችሁ ደን ስትገቡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሥራዬ ቤተሰብ ይዞ ደን መግባት ነው። ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድቶ የሚመጣ አለ። ከውጭ መጥቶ ለልጆቹ የአያታቸውን ሀገር የሚያሳይ አለ። ጅማ ተወልዶ ያደገ፣ በለጠ ደንን ግን በመኪና መስኮት ብቻ የሚያውቅም ሞልቷል። የሚገርመኝ የሁሉም ስህተት አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ደኑ እነሱን የሚጠብቅ ይመስላቸዋል። እንስሳው የራሱ ሰዓት አለው። ለዚያ ሰዓት የተገዛ ያያል፤ ያልተገዛ ዛፍ ቆጥሮ ይመለሳል።

ቁርስ በልቶ መነሳት

«ልጆቹ ይጣጠቡ፣ ቁርስ እንብላ፣ ቡናው ይፍላ» ሲባል 4 ሰዓት ይሆናል። በለጠ በቦንጋ መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስትደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ያኔ ጉሬዛው በልቶ ጥላ ውስጥ ተቀምጧል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ምግቡ ቅጠል ነው። ጨጓራው ክፍል ክፍል ያለው ስለሆነ ቅጠሉን ለማብላላት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ቁጭ ብሎ ነው የሚያሳልፈው። እናንተ ደግሞ ከታች ሆናችሁ «የታለ? የታለ?» ትላላችሁ።

ንጋት ላይ ሌላ ነው። ገና ጎሕ ሳይቀድ ወንዶቹ ያገሳሉ። አንዱ ሲጀምር ከማዶ ያለው ይመልስለታል። ፀሐይ ስትወጣ ዛፍ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይሞቃሉ። ነጩ ጭራቸው ተንጠልጥሎ በባዶ ዓይን ይታያል። አዲስ የተወለደ ግልገል ካለ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ የሚጠቁረው ከወራት በኋላ ነው። ይህን ለልጆች አስቀድማችሁ ንገሯቸው። «ነጩን ማን ቀድሞ ያየዋል?» ከተባለ እንቅልፋቸው ይጠፋል።

ከተቻለ ደኑ አጠገብ ያለችው ሸቤ ከተማ እደሩ። ካልተቻለ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከጅማ ተነሱ፤ ከብት አስፋልት ላይ ስለሚተኛ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ቡናው በፔርሙስ ይያዝ። ጨጨብሳውን ደን ዳር ብሉት።

ጉማሬን የዋህ አድርጎ ማየት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ነውና ታገሱኝ።

ቦዬ ረግረግ ከከተማው አፍንጫ ሥር ነው። ለልጆች ይመቻል። ወፉ ብዙ ነው። ራሱ ላይ ወርቃማ ጉንጉን ያለው ባለ ረጅም እግር ወፍ እዚያ ይታያል። ጉማሬም አለ። ችግሩ ሰዉ ጉማሬ ሲያይ ወፍራምና አስቂኝ ፍጡር ያየ መምሰሉ ነው። የካርቱን ጥፋት ይመስለኛል።

አንድ አባት አስታውሳለሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ትንሽ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ውሃው ጠርዝ እየወረደ ሚስቱን «አንሺን! አንሺን!» ይላታል። የቆመው የት መሰላችሁ? ሣሩ ተረጋግጦ፣ ጭቃው ተጎድጉዶ መስመር የሠራበት ቦታ ላይ። ያ መስመር የጉማሬ መንገድ ነው። ጉማሬ ቀኑን ውሃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ለግጦሽ ይወጣል። በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ገደማ ሣር ይግጣል። ሲወጣም ሲገባም የለመደውን መንገድ ነው የሚይዘው። ስጮህበት «ኧረ እሱ ሩቅ ነው፣ ተኝቷል» አለኝ። አንዱ ነዋ የታየው! ጉማሬ አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይዞ ውሃ ሥር ይቆያል። ሌሎቹ የት እንዳሉ በምን ይታወቃል? እጁን ይዤ ጎትቼ አወጣሁት። ተቀየመኝ። ይቀየም።

ስሙኝማ። ጉማሬ ከ1,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል። ልጅ ተሸክሞ የሚያመልጠው ሰው የለም። አፉን ቧ አድርጎ ሲከፍት «አዛጋ» ብላችሁ አትሳቁ፤ ጥርሱን ማሳየቱ ነው፣ ዞር በሉ ማለቱ ነው። ከሁሉ የከፋው በእሱና በውሃው መካከል መቆም ነው። ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ውሃ ነውና መንገዱ ላይ ያለውን ረግጦ ያልፋል። ግልገል ያላት እናት ደግሞ ምክንያትም አትፈልግ። ስለዚህ ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ ከመኪናው ሳትርቁ፣ 11 ሰዓት ሳይሞላ አይታችሁ ሂዱ። ፎቶው ካልጠራ አይጥራ። ባይኖኩላር ተዋሱ። ግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር መኪና አቁማችሁ ለምትወርዱትም ነገሩ ያው ነው።

ብስኩትና ሙዝ መወርወር

አትስጡ። አለቀ።

እሺ፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ። ዝንጀሮ ከመኪና ምግብ እንደሚገኝ አንዴ ከተማረ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይጀምራል። ከእናንተ ቀጥሎ የሚመጣው ቤተሰብ መስኮት ከፍቶ ሲቆም ዘሎ ይገባል። አንዲት እናት ለመንገድ ያዘጋጀችውን ጭኮ ከነዕቃው ተነጥቃ ልጆቿ ያለቀሱትን ልቅሶ እኔ ነኝ ያባበልኩት። ሰው መፍራት የተወ ዝንጀሮ ደግሞ ገበሬው በቆሎ ውስጥም አይፈራም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ገበሬው ነው። ጉሬዛ ላይ ደግሞ ብስኩት ብትወረውሩ ለቅጠል የተሠራ ሆዱን ማወክ ነው።

«ልጆቹ ይረብሻሉ» ማለት

አይረብሹም። ልጅ ለምን ዝም እንደሚባል ከተነገረው ከማንም በላይ ዝም ይላል። የሚረብሸው ትልቁ ሰው ነው። ብሉቱዝ ስፒከር ይዞ የሚመጣው ማነው? ደን መሃል ቆሞ ቪዲዮ ኮል የሚያደርገው ማነው? ስድስት ዓመት የማይሞላቸው ልጆች እስስት ከበው ዓይኗ ለየብቻ ሲዞር እያዩ ትንፋሻቸውን ሲውጡ፣ አጎታቸው ከኋላ «ኔትወርክ የት ነው የሚይዘው?» ብሎ ሲጮህ ሰምቻለሁ።

ሁሉንም በሁለት ቀን ለማየት መሞከር

የጉዞ ዕቅድ ይላክልኛል። ቅዳሜ ጠዋት በለጠ፣ ከሰዓት ቦንጋ፣ ማታ ጨበራ ጩርጩራ ዝሆን ማየት፣ እሑድ ጠዋት ጅሬን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከሰዓት አዲስ አበባ። የሚልከው ሰው ካርታ አይቷል፤ መንገዱን ግን አላየም። ከጅማ ቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ወደ ጎጀብ ወንዝ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ኋላ ወንበር የተቀመጠ ልጅ ያስመልሰዋል። ፌስታልና እርጥብ ጨርቅ ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ የተቆለፈ ፌስታል ለማንም አይጠቅምም።

ጨበራ ጩርጩራ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመ ብሔራዊ ፓርክ ሲሆን በዳውሮና በኮንታ መካከል 1,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ዝሆኑና ጎሹ እዚያ አሉ። ግን አገሩ ሰፊ ነው፣ ሙቀት አለው፣ ከዝናብ በኋላ ሣሩ ስለሚረዝም ዝሆን የሚያክል ነገር እንኳ ይሰወርበታል። ገብቶ ወዲያው መውጣት አይሆንም። ቀን መድቡለት፤ ከመነሳታችሁ በፊት ለፓርኩ ሰዎች ደውላችሁ መንገዱንም ጠይቁ።

ልጆቹ ትናንሽ ከሆኑ ቦዬና በለጠ ይበቃሉ። ተለቅ ካሉ ቦንጋ ሁለት ሌሊት እደሩ። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበ ነው። የእግዜር ድልድይ የሚባለው የተፈጥሮ ድልድይና የባርታ ፏፏቴ እዚያው ዙሪያ ናቸው። ፏፏቴው አጠገብ ድንጋዩ ያንሸራትታል፤ የልጅ እጅ አይለቀቅም። ጅሬንን ለዝናብ ቀን አቆዩት፤ ቤተ መንግሥቱ ከነታሪኩ የትም አይሄድም።

በክረምት መምጣት

ትምህርት ቤት የሚዘጋው ሐምሌና ነሐሴ ስለሆነ ሰዉ ያኔ ይጎርፋል። ያኔ እዚህ ያለው ጭቃ ነው። የጅማ ዝናብ ለብዙ ወራት የሚዘልቅ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ግን መሬቱ ይደርቃል፣ የጫካ ቡናም ይለቀማል። ለቤተሰብ የምመክረው የጥር ወርን የግማሽ ዓመት ዕረፍት ነው። ከየካቲት በኋላ የምትመጡ ዕድለኛ ከሆናችሁ የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ቡናው አብቦ ታገኙታላችሁ። ሽታው ከመኪና ያስወርዳል።

አለባበስ

ሰማያዊ ጂንስ አትልበሱ። በጎጀብና በኦሞ ቆላ ከብቱን በገንዲ በሽታ የሚፈጀው ዝንብ (ፄፄ) ሰማያዊና ጥቁር ቀለም ይስበዋል። ማጥመጃው ራሱ ከሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ የሚሠራው ለዚያ ነው። ከነጂንሱ ወደዚያ የወረደ ሰው ራሱ ማጥመጃ ሆነ ማለት ነው። ካኪ ወይም ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ይሻላል።

ቁምጣና ነጠላ ጫማም አይሆንም። ደኑ ውስጥ ሳማ አለ። ጉንዳን መንገድ ሲያቋርጥ ሳያይ የረገጠ ልጅ ሱሪ ውስጥ ገብቶ ሲነክሰው የሚያሰማው ጩኸት ጉሬዛውን በሙሉ ያባርራል። የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ ክተቱት። አያምርም፤ ይሠራል። ማታ ልጆቹን ልብስ አስወልቃችሁ መዥገር ፈልጉ።

ወባ

«ጅማ ደጋ ነው፣ ወባ የለውም» የሚል ሰው አሁንም አለ። አለው። ጎጀብ ስትወርዱ ደግሞ ይብሳል። አጎበር ያዙ፣ ሲመሽ እጅጌ ያለው ልብስ አልብሱ፣ ለትንንሽ ልጆች ከመምጣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ያለ አካባቢው ሰው መግባት

በለጠና ጌራ ላይ የመንደሩ ሰው በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ይጠብቃል። ዋቡብ ይሉታል። ከእነሱ አንድ ሰው ሳይዙ መግባት የሰው ቤት ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው። ደግሞ የሚጎዳው ራሱ የሚገባው ሰው ነው። እኔ ከመኪና ወርጄ ቅጠል ሳይ ሽማግሌው «እዚያ ጋ ድኩላ ተኝታ አድራለች» ይላል። ልጆች «አባባ፣ እንዴት አወቁ?» ይሉታል። ተቀምጦ የተጨፈለቀውን ሣር ያስነካቸዋል። ይህን እኔ ላደርግላችሁ አልችልም።

ደግሞ ቡናው ባለቤት አለው። ጫካ ውስጥ ስለበቀለ የማንም አይደለም ብላችሁ ቀዩን እሸት አትቅጠፉ። ዛፍ ላይ የተሰቀለው ረጅም ነገር የንብ ቀፎ ነው። ልጅ ድንጋይ ሲያነሳ ካያችሁ በእጁ ላይ እያለ ያዙት፤ ከተወረወረ በኋላ የምመክራችሁ ሩጫ ብቻ ነው።

አንበሳ ብቻ መጠበቅ

ነብር በነዚህ ደኖች አለ፤ አንበሳም በካፋ በኩል አለ። አታዩአቸውም። እነሱ ግን ሳያዩአችሁ አይቀሩም። አንበሳ ቃል የተገባለት ልጅ ሌላውን ሁሉ ያጣጥላል፤ ጥፋቱ ቃል የገባው ሰው ነው። ከዚያ ይልቅ ትልቅ ምንቃር ስላለው፣ ሲበር ክንፉ ከሩቅ ስለሚሰማው ወፍ ንገሯቸው። እንቁላል ልትጥል ስትል ሴቷ የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በሩን ትደፍነዋለች። የሚቀረው ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ነው። ወንዱ በዚያች ቀዳዳ ፍራፍሬ ያቀብላታል፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉም የሚመግበው እሱ ነው። ይህን የሰማ ልጅ ዛፍ ሁሉ ላይ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፤ አንበሳውን አይጠይቅም።

የውሃ ፕላስቲካችሁን ደን ውስጥ ጥላችሁ አትውጡ። ይህን እንኳ አላብራራም።