ከድሬ ሆናችሁ ዳታ አናሊሲስ በዩቲዩብ ለመማር (እኔ የተሳሳትኩትን ሳትደግሙ)

ስሙማ፣ እኔ ፓይተን (ዳታ አናሊሲስ የሚሰራበት የኮድ ቋንቋ) እማራለሁ ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ቪዲዮ ሳይ ነው የከረምኩት። ከምሳ በኋላ ያቺ ሰው ከቤት የማይወጣባት ሰዓት አለች አይደል፣ ፋኑን ለቅቄ፣ ስልኩን ትራስ ላይ አስደግፌ፣ ተጋድሜ አያለሁ። ሰውዬው ሲያስረዳ ሁሉም ነገር ግልፅ ነው፣ እራሴን እየነቀነቅኩ አዎ አዎ እያልኩ። ከዛ አንድ ቀን ላፕቶፕ ከፍቼ ባዶ ገፅ ፊት ቁጭ ስል ፋይል መክፈት እንኳ አቃተኝ አቦ። ሦስት ወር! እና የመጀመሪያው ምክሬ ተጋድማችሁ አትዩ ነው፣ ኪቦርድ ላይ እጃችሁ ከሌለ ያው ፊልም እያያችሁ ነው።

ለመጀመር ብዙ ነገር አያስፈልግም። አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል፣ ምክንያቱም ጎግል ኮላብ የሚባለው የፓይተን ኮድ መፃፊያ በነፃ ብሮውዘር ላይ ነው የሚሰራው፣ ምንም ኢንስቶል አታደርጉም፣ ፓንዳስም (ሰንጠረዥ የሚሰራበት የፓይተን መሳሪያ) ማትፕሎትሊብም (ግራፍ የሚስለው) ውስጡ ተጭኖ ነው የሚጠብቃችሁ። በስልክም ይከፈታል ግን ቅንፍና ነጥብ በስልክ ኪቦርድ መፃፍ ያሰለቻል። አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር፣ ኮላብ ላይ አፕሎድ ያደረጋችሁት ፋይል ሴሽኑ (ኮላብ ለናንተ የከፈተው የስራ ጊዜ) ሲያልቅ ይጠፋል፣ ኮዱ ይቀራል ፋይሉ የለም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው ያወቅኩት። ስለዚህ ፋይሉን ጎግል ድራይቭ ላይ አስቀምጡና ከዛ አገናኙት። ኔት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ግን አናኮንዳን (ፓይተንን ከነመሳሪያዎቹ አንድ ላይ የያዘ ፕሮግራም) አንዴ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዱት፣ ከባድ ነው፣ ከጫናችሁት በኋላ ግን ውስጡ ያለው ጁፒተር ኖትቡክ (እንደ ኮላብ ያለ ኮድ መፃፊያ) ያለ ኢንተርኔት ይሰራል።

ቪዲዮ መምረጥ ላይ ሰው ብዙ ጊዜ ያጠፋል። አንድ ያዙና እሱን ጨርሱ፣ በቃ። ፍሪኮድካምፕ የሚባለው ቻናል ረጃጅም ሙሉ ኮርሶች አሉት፣ ኮሪ ሻፈር ደግሞ ፓንዳስን ከፋፍሎ በአንድ ቪዲዮ አንድ ርዕስ ብቻ እያነሳ ነው የሚያስተምረው፣ ለኔ የሱ ይሻለኛል ምክንያቱም አይቸኩልም። ኬግል የሚባለው ሳይት ላይ ያሉት አጫጭር ትምህርቶች ቪዲዮ ባይሆኑም መልመጃ ስላላቸው ጎን ለጎን ጥሩ ናቸው። ቪዲዮው መቼ እንደተለቀቀ ግን እዩ። ለምሳሌ በ2020 በተሰሩት ላይ መምህሩ ረድፍ ለመጨመር አፔንድ ይላል፣ እናንተ እሱኑ ፅፋችሁ ኤረር ይመጣል፣ ደደብ ስለሆናችሁ አይደለም፣ በ2023 የወጣው ፓንዳስ 2.0 ስላስወገደው ነው፣ አሁን ኮንካት ነው የሚባለው። እኔ በዚች ብቻ አንድ ምሽት ሙሉ ተቃጥያለሁ።

ዳታ ለመቆጠብ ብላችሁ ጥራቱን 144 ላይ አታድርጉት፣ ነጥብ ይሁን ነጠላ ሰረዝ አይለይም። 480 ይበቃል። ሰብታይትል ክፈቱ፣ ፍጥነቱን 0.75 አድርጉት፣ አያሳፍርም። አምስት ደቂቃ እዩ፣ አቁሙት፣ ታቡን ዝጉት፣ ከዛ ያያችሁትን ከራሳችሁ ፃፉት። ኮፒ ፔስት የለም። ሲሰራላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ቀይሩና አበላሹት፣ የኮለሙን ስም አንድ ፊደል አጥፉ፣ ምን ብሎ እንደሚጮህ እዩ። ኤረሩን ከታች ወደ ላይ ነው የሚነበበው፣ የመጨረሻዋ መስመር ናት ዋናውን የምትነግራችሁ። በመጀመሪያው ወር ሪድ ሲኤስቪ (የሲኤስቪ ፋይል፣ ማለትም በነጠላ ሰረዝ የተለያየ ሰንጠረዥ መክፈቻ)፣ ሄድ (የመጀመሪያዎቹን ረድፎች ማያ)፣ ኢንፎ (ኮለሞቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ ማያ)፣ ግሩፕባይ (በቡድን ከፋፍሎ መደመሪያ)፣ ከዛ ባር ግራፍና መስመር ግራፍ፣ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ማሽን ለርኒንግ ምናምን የሚለውን ለጊዜው እለፉት።

አሁን ዋናው ነገር። ሁሉም ቪዲዮ ላይ የሚሰራበት ዳታ የፈረንጅ ነው፣ ታይታኒክ ላይ ማን ሞተ ማን ተረፈ፣ የአበባ ቅጠል ርዝመት። እሱ ላይ ስትሰሩ ግራፉ ልክ ይሁን ስህተት አታውቁትም፣ ስለማታውቁት ነገር ነዋ። እኔ የገባኝ የአክስቴን ደብተር ስወስድ ነው። መጋላ ሱቅ አላት፣ የየቀኑን ሽያጭ በእስክሪብቶ ትፅፋለች፣ የጥቅምት 2016ን አንድ ወር ብቻ ኤክሴል ላይ ገለበጥኩ፣ ቀን እና ብር፣ ሁለት ኮለም። ሲኤስቪ አድርጌ ፓንዳስ ላይ ከፈትኩትና፣ ቀኑ ከወሩ ይቀድማል ብዬ ነግሬው (ዴይፈርስት)፣ ወደ ዴትታይም (ፓንዳስ ቀን ብሎ ወደሚያውቀው ዓይነት) ልቀይር ስል ኤረር። 30/2/2016 ላይ ቆመ። ቀኑ ለወሩ ከገደብ ውጪ ነው ይለኛል። ለካ ሁለተኛው ወር ለኛ ጥቅምት ነው ለሱ ደግሞ ፌብሩዋሪ፣ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ደግሞ የለም።

እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ የ30ን ረድፍ ሰረዝኩት። 29ኛው አለፈ፣ 2016 ለፈረንጅ ፌብሩዋሪ 29 ያለው ዓመት ስለሆነ ነው፣ እድለኛ ነበርኩ ወይም አልነበርኩም። ሰርቼ ጨረስኩ፣ በሳምንቱ ቀናት ከፋፈልኩ፣ ባር ግራፍ አወጣሁ፣ ያምራል። ለአክስቴ አሳየኋት፣ ማክሰኞ ገበያሽ በጣም ይወርዳል አልኳት። አየችኝ። "ማክሰኞ ደሞ ምን ቤት ናት? እኔ ሱቅ የምዘጋው ለጁምዓ ነው" አለች። ወላሂ በዛች ሰከንድ ነው ዳታ አናሊሲስ የገባኝ። ጥቅምት 2 ቀን 2016 ዓርብ ነው፣ በፈረንጅ ኦክቶበር 13 ቀን 2023፣ ፓንዳስ ግን ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2016 ብሎ ነው ያነበበው፣ እሱ ደግሞ ማክሰኞ ነው። የሚጮኸው ኤረር የ30ኛው ብቻ ነበር፣ የቀሩት 29 ቀኖች ዝም ብለው ተሳስተው ተቀምጠዋል።

ስለዚህ የኛን ቀን ስትጠቀሙ ሁለት መንገድ አለ። በወር ብቻ መደመር ከሆነ የምትፈልጉት፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብላችሁ በሦስት ኮለም ለያይታችሁ በቁጥር ተዉት፣ በወሩ ግሩፕባይ አድርጉ፣ ጳጉሜም 13 ተብላ በሰላም ትኖራለች። የሳምንት ቀን ከፈለጋችሁ ግን መጀመሪያ ወደ ፈረንጅ ቀይሩት፣ ለዚህ በፒፕ (የፓይተን መጫኛ ትዕዛዝ) የሚጫኑ ላይብረሪዎች አሉ፣ ከቀየራችሁ በኋላ የምታውቁትን አንድ ቀን በካላንደር አመሳክሩ።

ሌላ የኛ ሰው ብቻ የሚገጥመው ነገር፣ ግራፉ ላይ በአማርኛ ስትፅፉ ፊደሉ አይወጣም፣ ባዶ ሳጥን ሳጥን ይደረድርላችኋል። የማትፕሎትሊብ ፎንት የኛ ፊደል ስለሌለው ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርዱ፣ በፎንት ማኔጀር አስገቡትና ስሙን ለፎንት ፋሚሊ ስጡት፣ ያልቃል።

ደብተር የምታገኙበት ሱቅ ከሌለ የድሬን ዝናብ ውሰዱ። ናሳ ፓወር የሚባል ሳይት አለ፣ ነፃ ነው፣ ላቲቲዩድ 9.6 ሎንጊቲዩድ 41.87 ብላችሁ ከ1981 ጀምሮ ያለውን የየቀኑን ሙቀትና ዝናብ በሲኤስቪ ታወርዳላችሁ። የአካባቢው ግምት እንጂ እዚሁ ሰፈር በእቃ የተለካ እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። ፋይሉ ከላይ የማብራሪያ መስመሮች ስላሉት ሪድ ሲኤስቪ ውስጥ ስኪፕሮውስ ብላችሁ አሳልፉት። የጎደለው ቀን ላይ ደግሞ -999 ነው የሚፃፈው፣ ካላወጣችሁት ድሬ በረዶ ትሆናለች። ከዛ ዝናቡን በየዓመቱ በየወሩ ደምራችሁ የወሮቹን አማካይ በባር አውጡት። ሁለት ጉብታ መታየት አለበት፣ አንዱ በልግ ኤፕሪል አካባቢ፣ አንዱ ክረምት ኦገስት ላይ፣ መሀል ላይ ጁን ዝቅ ይላል። አንድ ጉብታ ብቻ ካያችሁ ወደ ኮዳችሁ ተመለሱ።