ትናንሽ የማሽን ዕቃዎችን በዋተርጄት ለማስቆረጥ፦ ለባሕር ዳር ወርክሾፖች

ለጣና የሞተር ጀልባዎች፣ ለፎገራ የውኃ መሳቢያ ፓምፖችና የሩዝ መፈልፈያዎች መለዋወጫ የሚሠሩ ባለሙያዎች ጋስኬት፣ ስስ ሮንዴላ ወይም የኩሽኔታ መያዣ በዋተርጄት፣ ማለትም በከፍተኛ ግፊት ውኃ በሚቆርጥ ማሽን፣ ሲያስቆርጡ በብዛት የሚያመሰግኑት የጠርዙን ንጽሕና ነው። የሚያማርሩት ደግሞ ዕቃው ልኩን ጠብቆ የተቆረጠ መስሎ ሳለ ቦታው ላይ አልገባ ሲል ነው። ይህ ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከማሽኑ ሳይሆን፣ የትኛው ልክ ወሳኝ እንደሆነ በትእዛዙ ላይ ካለመጻፉ ነው።

ማሽኑ ውኃን እስከ 4,000 ባር በሚደርስ ግፊት በጠባብ ቀዳዳ እያስወጣ፣ ለብረት ሲሆን ጋርኔት የሚባል የደቀቀ ማዕድን እየቀላቀለ ይቆርጣል፤ ለጎማና ለስፖንጅ ውኃው ብቻ ይበቃል። ብረቱ ስለማይግል ጠርዙ አይጠነክርም፤ በመሆኑም በኋላ በሞረድም ሆነ በትራፓኖ ለመሥራት አያስቸግርም። በተለመደው ማሽን የውኃው መስመር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ሲኖረው፣ ለጥቃቅን ሥራ በተዘጋጁት ግን እስከ 0.3 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በታች ይጠባል። የውስጥ ማዕዘን ቢያንስ በዚህ ስፋት ግማሽ ልክ መክበቡ ስለማይቀር፣ ማዕዘኑ ውስጥ ሹል ጫፍ ያለው ዕቃ የሚገባ ከሆነ ጥጉ ላይ ትንሽ ማምለጫ ቀዳዳ አስቀድመው ይሣሉ።

ሥዕሉን በዲኤክስኤፍ (DXF) ፋይል፣ ማለትም ማሽኑ የሚከተላቸውን መስመሮች በያዘ የኮምፒውተር ሥዕል፣ ሲያዘጋጁ መስመሮቹ የተዘጉና ያልተደራረቡ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ የተደራረበ መስመር ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። በሚሊ ሜትር የተሣለ ፋይል እንደ ኢንች ከተነበበ ዕቃው 25.4 እጥፍ ስለሚያድግ፣ ከፋይሉ ጋር «ከዳር እስከ ዳር 42 ሚሊ ሜትር» የሚል ዓይነት ማስታወሻ ቢልኩ ስሕተቱ ላሜራው ሳይነካ ይታወቃል። ውኃው የሚበላውን ስፋት ራስዎ አስልተው አይቀንሱ፤ ይህን የሚያደርገው ኦፕሬተሩ ነው፣ ሁለታችሁም ከቀነሳችሁ ልኩ ይበላሻል።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚሻው የጠርዙ ዘመምታ ነው። ውኃው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ኃይሉ ስለሚቀንስ፣ በፍጥነት የተቆረጠ ቀዳዳ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ይላል። ለምሳሌ 6203 ኩሽኔታ የውጭ ዲያሜትሩ 40 ሚሊ ሜትር ነው። በ10 ሚሊ ሜትር ላሜራ ላይ ለእርሱ የተቆረጠ ቀዳዳ ከላይ በካሊፐር ሲለካ ልክ 40 ቢያሳይም፣ ከታች በኩል በ0.1 ወይም በ0.2 ሚሊ ሜትር ሊጠብ ይችላል፤ ያኔ ኩሽኔታው ግማሽ ድረስ ገብቶ ይቆማል። በመዶሻ ማስገባት ኩሽኔታውን ከመጉዳት በቀር ምንም አይፈይድም። መፍትሔው ቀዳዳው ቀስ ተብሎ እንዲቆረጥ ወይም ዘመምታውን በሚያስተካክል ተንቀሳቃሽ ጭንቅላት እንዲሠራ መጠየቅ ነው። በእኔ ግምት ግን ለአንድና ለሁለት ዕቃ ቀዳዳውን 39 ሚሊ ሜትር አስቆርጦ የቀረውን እዚሁ በቶርኖ መጨረስ ይሻላል። የዕቃው የውጭ ዙሪያ ከምንም ጋር የማይገጥም ከሆነ ደግሞ 0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ቢኖረው ስለማይጎዳ፣ ይህንኑ ጽፈው በፍጥነት እንዲቆረጥ ይፍቀዱ፤ ዋጋው በአመዛኙ የሚሰላው በማሽኑ ሰዓት ነው።

ትንሽ ዕቃ ተቆርጦ ሲለቀቅ በመደገፊያዎቹ መካከል ወደ ገንዳው ሊወድቅ ወይም ተገልብጦ የማሽኑን አፍንጫ ሊመታ ስለሚችል፣ ቆራጮች ከዋናው ላሜራ ጋር የሚያያይዝ ቀጭን እትብት ይተዉለታል። እትብቱ የት እንደሚሆን ካልተናገሩ ለኦፕሬተሩ በሚቀለው ቦታ ይሆናል፤ አንድ ደንበኛ የደረሱት ሮንዴላዎች ሁሉ እትብታቸው በውስጠኛው ቀዳዳ በኩል ሆኖ እያንዳንዱን በቀጭን ሞረድ ሲያስተካክል ውሏል። ስለዚህ ቦታውን በሥዕሉ ላይ ምልክት ያድርጉ፤ ሞርዶ የሚያስረክበው ማን እንደሆነም አስቀድመው ይስማሙ።

ከተደራረቡ ንጣፎች የተሠራ የጋስኬት ሉህ በመጀመሪያው ብስ ላይ ሊላቀቅ ስለሚችል ብሱ በዝቅተኛ ግፊት እንዲጀመር ይጠይቁ። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት በዚህ መንገድ አይቆረጥም፤ ይፈረካከሳል። ተራ ብረት ከውኃ ሲወጣ ቶሎ ስለሚዝግ፣ በተለይ በክረምት ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ከሆነ፣ ደርቆና ዘይት ተቀብቶ እንዲታሸግ በትእዛዙ ላይ ያስጽፉ።

ብዛት ያለው ሥራ ሲሆን አንድ ናሙና ብቻ አስቆርጠው ይረከቡ። ናሙናውን ከላይም ከታችም በካሊፐር ይለኩ፣ ከሚገጥምበት ዕቃ ጋር ያጋጥሙት፣ ያገኙትን ልዩነት በሥዕሉ ላይ ጽፈው ይላኩ፤ የቀረው እንዲቆረጥ የሚፈቅዱት ከዚያ በኋላ ይሁን።