ከፎቶ ቤት የተረፈ የ120 ፊልም ካሜራ እንዴት ይሸጣል?

ከአባት ወይም ከአጎት ፎቶ ቤት የተረፈ ያሺካ፣ ሲጋል ወይም ሉቢቴል የተባለ፣ ላይና ታች ሁለት ሌንስ ያለው ካሜራ ቤትዎ ካለ ገዢ አለው። ደሴ ፒያሳ ላይ ይዞ መዞር ግን ብዙም አያዋጣም፤ ዛሬ ጉርድ ፎቶ በፊልም የሚያነሳ የለም። ገዢዎቹ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎችና በፊልም ማንሳት የጀመሩ ወጣቶች ናቸው። እነሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካሜራውን በእጃቸው ሳይዙ ስለሚገዙ ዋጋው የሚቆመው እርስዎ ስለ ዕቃው በሚናገሩት ላይ ነው።

በመጀመሪያ ጀርባውን አይክፈቱ። ውስጡ ያልታጠበ ፊልም ሊኖር ይችላል። ከጀርባው ቀይ መስኮት ያለው ካሜራ ፊልም ካለው ቁጥር ወይም ወረቀት ያሳያል። መስኮት የሌለውን ፍጹም ጨለማ ክፍል ውስጥ ከፍተው በጣት ይዳስሱ። ፊልም ካለ ዘግተው እስከ መጨረሻው ጠቅልለው ያውጡት። የደንበኞችን ኔጋቲቭ ግን ከካሜራው ጋር አብረው አይሽጡ፤ የሰው ፊት ነው።

ቀጥሎ ሌንሱ። የደሴ ከፍታ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ የክረምቱ ጉም ቤት ድረስ ይገባል፤ የቆዳ ማኅደር ደግሞ እርጥበት ይዞ ያቆያል። በማኅደሩ ውስጥ ዓመታት ያሳለፈ ሌንስ ሻጋታ መያዙ የተለመደ ነው። ጀርባውን ከፍተው አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ መጨረሻው ያስፉ፣ ሹተሩን (ብርሃን ከፍቶ የሚዘጋውን) እስኪለቁት ክፍት በሚያቆየው «ቢ» ላይ አድርገው ተጭነው ይያዙ፣ ከፊት በእጅ ባትሪ አግድም ያብሩና ከኋላ ይመልከቱ። ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር ክር ክር ብሎ ይታያል፤ ወጥ የሆነ ጭጋግ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከቅባት የተነሳ ብናኝ ነው። ታችኛው ሌንስ ነው ፎቶውን የሚያነሳው፤ የላይኛው ለማየት ብቻ ስለሆነ እሱ ላይ ያለ ሻጋታ ዋጋውን ያን ያህል አይጎዳም። ያገኙትን ይናገሩ እንጂ ሌንሱን በነጠላ ጫፍ እየጠረጉ አይፈትጉት። የተፋቀ ሽፋን አይመለስም፤ ሻጋታን ግን ባለሙያ ሊያነሳው ይችላል።

ሹተሩ ሳይሠራ ዓመታት ሲቆም ቅባቱ ይደርቃል። መጀመሪያ የሚዘገዩት ረጃጅሞቹ ፍጥነቶች ናቸው፤ 1 ሰከንድ ላይ ሲያነሱ «ዝዝ» እያለ መሀል ላይ ከቆመ ችግሩ እሱ ነው። ሉቢቴል 166 ከ1/15 በታች ስለሌለው 1 ሰከንድ አይፈልጉበት። ለመለካት ስልክዎን በሰከንድ 240 ፍሬም (ምስል) በሚቀርጸው ስሎው ሞሽን ያዘጋጁ፣ የካሜራውን ጀርባ ከፍተው ፊቱን ወደ ብሩህ መስኮት ያዙሩ፣ ከኋላ ይቅረጹ። በ1/30 ብርሃኑ በ8 ፍሬም፣ በ1/15 ደግሞ በ16 ፍሬም ያህል መታየት አለበት። 1/15 ላይ 24 ካዩ ሹተሩ ዘግይቷል። ከ1/125 በላይ ያለውን ስልክ በደንብ አይለየውም፤ ስለዚህ «ሁሉም ፍጥነት ትክክል ነው» ብለው አይጻፉ። የራስ ማንሻ ሰዓቱን ደግሞ አይንኩት፤ አሮጌ ሹተር ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው የሚነክሰው። ዘይት ጠብ ማድረግም ካሜራ መግደል ነው፤ ወደ ምላጮቹ ፈስሶ ያጣብቃቸዋል።

ትኩረቱ ልክ መሆኑን ያለ ፊልም ማረጋገጥ ይቻላል። ፊልሙ በሚያልፍበት ሐዲድ ላይ ስስ ብርሃን አስተላላፊ ወረቀት ወጥረው ይለጥፉ፣ ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስደግፈው ሹተሩን «ቢ» ላይ ይክፈቱ፣ ሌንሱን መጨረሻው ርቀት ላይ አድርገው ወደ ጦሳ ተራራ ጫፍ ያነጣጥሩ። ከላይ በመስታወቱ ጥርት ያለው ተራራ ወረቀቱም ላይ ጥርት ማለት አለበት። ካልሆነ አንዱ ሌንስ ተፈቶ በትክክል ሳይገጠም ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ያሺካ ማት 124ጂ የብርሃን መለኪያ አለው፤ የተሠራው ግን ዛሬ ለማይሸጠው የ1.35 ቮልት ሜርኩሪ ባትሪ ነው። በ1.5 ቮልት ቢንቀሳቀስም ያሳስታል፤ «ይንቀሳቀሳል፣ አልተረጋገጠም» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የፊልሙንም ዓይነት ይግለጹ። የ120 ፊልም ዛሬም ይመረታል፤ በ6 በ6 ሴንቲ ሜትር መጠን አንዱ ጥቅል 12 ፎቶ ይሰጣል። ካሜራው የ620 ፊልም ከሆነ ግን ኮዳክ ያን ፊልም በ1995 እ.ኤ.አ. ስላቆመ ዋጋው ይወርዳል።

ዋጋ ሲያወጡ ሰው የጠየቀውን ሳይሆን የተሸጠበትን ይመልከቱ፤ ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ። ከላይ፣ ከጎን፣ ከውስጥ፣ ሌንሱን በባትሪ ብርሃን፣ የሹተሩን ቪዲዮና የመለያ ቁጥሩን በቀን ብርሃን ያንሱ። ቴሌግራም ላይ እንደለጠፉ «የመጨረሻው ስንት ነው?» የሚል ይመጣል፤ ካሜራውን ሳይጠይቅ ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ አያቻኩልዎ።

በአውቶቡስ ለመላክ ሹተሩን ሳይጠነጥኑ፣ ሌንሱን ወደ ውስጥ መልሰው፣ መክደኛውን ዘግተው፣ ባትሪውን አውጥተው በአረፋ ፕላስቲክ ይጠቅልሉ፤ በካርቶኑና በካሜራው መሀል በየአቅጣጫው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሙሉ። እስከ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መናኸሪያ ላይ ሌላ ዕቃ ከላዩ ይጫንበታል። ከሁሉ የሚሻለው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ለገዢው አሳይቶ ቢያስረክብ ነው። ገንዘቡ መግባቱን በራስዎ ቴሌብር ወይም የባንክ ሂሳብ ገብተው ይዩ፤ ገዢው የላከው የደረሰኝ ምስል በደቂቃ ሊቀናበር ይችላል።