የሰርፊንግ ውድድር ፎቶ እንዴት ይነሳል? ከአሸዋው እስከ ኢንስታግራም

ሎስ አንጀለስና አካባቢው ላላችሁ ይሄ ነገር ሩቅ አይደለም። ፌርፋክስ ጎዳና ካለችው ሊትል ኢትዮጵያ ተነስታችሁ፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ፣ በአንድ ሰዓት ገደማ ሀንቲንግተን ቢች ትደርሳላችሁ። እዚያ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ዩኤስ ኦፕን ኦፍ ሰርፊንግ የተባለው፣ ቦርድ ላይ ቆሞ የባሕር ሞገድ የመጋለብ ውድድር ይካሄዳል። ለተመልካች በነጻ ነው። ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላውቅም፤ ስለዚህ ምሳሌዬ እሱ ይሁን። ሌላ የባሕር ዳርቻ ብትሆኑም አሠራሩ ያው ነው።

ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ውድድሩን እወቁት። ሰርፈሮቹ የሚገቡት በዙር ነው፤ ዙሩን ሂት ይሉታል። በአንድ ሂት ውስጥ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሰው ይኖራል፤ እያንዳንዱም የተለያየ ቀለም ያለው ማልያ ይለብሳል። አንድ ሞገድ ከ10 ይታረማል፤ ለውጤት የሚያዙት ምርጥ ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ ጠቅላላው ከ20 ማለት ነው። ይሄ ለፎቶ ምን ይጠቅማል? ብዙ ይጠቅማል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የተመራው ሰርፈር ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ አደገኛ ነገር ይሞክራል። ያኔ ባትሪ የምትቀይሩ ወይም ስልክ የምታዩ ከሆነ የቀኑ ምርጥ ፎቶ አመለጣችሁ። ሌላ ጠቃሚ ነገር፦ እያንዳንዱ ሂት ሲጀምር የስም ዝርዝሩን ወይም ስክሪኑን አንድ ጊዜ ፎቶ አንሱት። ማታ "ቀዩ ማልያ ማን ነበር?" ብላችሁ አትጨነቁም።

ቀጥሎ ብርሃን። የሀንቲንግተን ዳርቻ የሚያየው ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ከጀርባችሁ ትመጣለች፤ የሰርፈሩ ፊት ይበራል፣ የውሃው ቀለምም ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት አሸዋው ላይ ቁሙ። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከአሸዋው ካነሳችሁ ሰውየው ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል። ያኔ ወደ ባሕር የተዘረጋው ረጅሙ ፒር (ድልድይ መሰሉ መተላለፊያ) ላይ ውጡ። ውድድሩ ያለው ከፒሩ በስተደቡብ በኩል ነው፤ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ትሆናለች፣ ከላይ ወደ ታች ስለምታዩም ጀርባው ንጹሕ ውሃ ብቻ ይሆናል። ከአሸዋው ሲሆን ግን ራቅ ብለው የሚታዩ የነዳጅ ማውጫዎች አሉ፤ ከሰርፈሩ ጭንቅላት ላይ የበቀሉ እንዳይመስሉ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉ። ቀትር ላይ አሸዋው ሲግል አየሩ ይርገበገባል፤ ሌንሳችሁ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ፎቶው አይጠራም። ያን ሰዓት ምሳ ብሉበት።

ሌንስ ረጅም ያስፈልጋል፣ 400 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ። ለአንድ ውድድር ብላችሁ አትግዙ፤ ተከራዩ። ሻተሩ፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ፣ 1/1000 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያጠረ ይሁን፣ ፀሐይ ካለ 1/2000። ፎከሱን የሚንቀሳቀስ ነገር እንዲከተል አድርጉት፤ አከታትሎ ብዙ ፎቶ የሚያነሳውን ማንሻም ክፈቱ። መጋለጡን፣ ማለትም ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን፣ በማኑዋል ራሳችሁ ያዙት። ምክንያቱም ካሜራው በራሱ ሲወስን ነጩ አረፋ ያታልለዋል፦ ፍሬሙ በአረፋ ሲሞላ ፎቶውን ያጨልመዋል፣ ባሕሩ ሲበዛ ደግሞ ያበራውና አረፋው ባዶ ወረቀት ይሆናል። አረፋው ውስጥ ጠብታዎቹ እስኪለዩ ድረስ ብርሃኑን ቀንሱና እዚያው ላይ ተዉት። ደመና ሲመጣ ብቻ አስተካክሉ።

አሁን ዋናው ነገር። ሰርፈሩን ገና ሞገዱን ለመያዝ በእጁ ሲቀዝፍ ጀምራችሁ ተከተሉት፣ እስከ መጨረሻው አትልቀቁት። ብዙ ሰው ግልቢያው አለቀ ሲባል ጣቱን ያነሳል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ፣ የሰርፊንጉ ውድድር በተካሄደበት በታሂቲ ደሴት፣ ቴአሁፖኦ ላይ፣ ብራዚላዊው ጋብሪኤል ሜዲና 9.90 ካገኘበት ሞገድ ሲወጣ አየር ላይ ተንሳፎ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ፣ ቦርዱም ከጎኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ የታየበትን ፎቶ ታስታውሳላችሁ። ዓለምን ያዳረሰ ፎቶ ነው። ያነሳው ዤሮም ብሩዬ የተባለ ባለሙያ ጀልባ ላይ ሆኖ ነው። ያ ቅጽበት የመጣው ግልቢያው ካበቃ በኋላ ነው! ሰውየው ደስታውን የሚያወጣው ያኔ ነዋ።

የባሕር ጨው ካሜራ ይበላል። አሸዋው ላይ ሌንስ አትቀይሩ። ቤት ስትገቡ በንጹሕ ውሃ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት፣ ከዚያ በደረቅ።

ማታ ምርጫው ይመጣል፤ እዚህ ጨክኑ። ከአንድ ግልቢያ ሃያ ፎቶ ቢኖራችሁ አንዱን ብቻ አስቀሩ፦ ፊቱ የሚታይበትን፣ ውሃው ከቦርዱ ሲረጭ የሚያሳየውን። ከጀርባ የተነሳ ፎቶ፣ የፈለገውን ያህል ቢጠራ፣ ብዙ ጊዜ አይነግርም። ከዚያ ባሕሩና ሰማዩ የሚገናኙበትን መስመር ቀጥ አድርጉ፤ የተንጋደደ ባሕር ወዲያው ዓይን ይወጋል። ስትቆርጡ ሰርፈሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ቦታ ተዉለት። የሞገዱን ከንፈር፣ ማለትም ከላይ የሚታጠፈውን ጫፍ፣ አትቁረጡ፤ ትልቅነቱ የሚታወቀው በሱ ነው። ቀለሙን ግን አታብዙት። የካሊፎርኒያ ውሃ አረንጓዴ ቢጤ ነው፣ ሰማያዊ ቀለም ብትደፉበት የሚያውቅ ሰው ያውቅባችኋል።

ለኢንተርኔት ስታወጡ የቀለሙ ዓይነት ኤስአርጂቢ (sRGB) ይሁን፣ አለዚያ በሰው ስልክ ላይ ፈዝዞ ይታያል። የፋይሉ ዓይነት ጄፔግ (JPEG)፣ ጥራቱ 80 አካባቢ። ለፌስቡክ ረጅሙ ጎን 2048 ፒክስል፣ ለኢንስታግራም ቁም ፎቶ 1080 በ1350 ይበቃል። መጠኑን ከቀነሳችሁ በኋላ ጥቂት ሻርፕ አድርጉት፣ ማለትም ጠርዞቹን አጉሉት።

ከፎቶው ስር የሰርፈሩን ስም፣ የውድድሩን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን ጻፉ፤ ስሙን ካነሳችሁት ዝርዝር ጋር አመሳክሩት። ለማስታወቂያ ልትሸጡት ካሰባችሁ የሰርፈሩን ፈቃድ ጠይቁ፣ ታዳጊ ከሆነ ደግሞ የወላጁን። ለሰርፈሩ ራሱ ወይም ለጓደኛ በቴሌግራም ስትልኩለት በፎቶ መልክ ሳይሆን በፋይል ላኩት፤ በፎቶ መልክ ከሄደ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፣ ያ ሁሉ የለያችሁት የአረፋ ጠብታም ይጠፋል።