አንዲት «በ» ለአምስት ስትከፈል፦ የእንግሊዝኛ መስተዋድድን እንዴት እንመርጣለን?

«በመስከረም»፣ «በመኪና»፣ «በቢላ»፣ «በ2 ሰዓት»። አማርኛ በአንዲት ፊደል የሚጨርሰውን ሥራ እንግሊዝኛ ለኢን፣ ለኦን፣ ለአት፣ ለባይና ለዊዝ ያከፋፍለዋል። ስለዚህ «በ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። የሚጠየቀው ይህች «በ» እዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ምን እየሠራች ነው የሚለው ነው።

መጀመሪያ ሥራዋን ይለዩ። መሣሪያ ካመለከተች ዊዝ ነው፤ ሽንኩርት የሚከተፈው «ዊዝ ኤ ናይፍ» ነው። መጓጓዣ ከሆነ ባይ፦ «ባይ ባስ»፣ «ባይ ካር»። በባይና በመጓጓዣው መካከል ግን ምንም አይገባም፤ «ባይ ማይ ካር» ስሕተት ነው፣ «ኢን ማይ ካር» ይባላል። በእግር ከሆነ «ኦን ፉት»።

ጊዜ ከሆነ ስፋቱን ይመልከቱ። ሰዓት አትን፣ ቀን ኦንን፣ ወርና ዓመት ኢንን ይወስዳሉ፦ «አት 8»፣ «ኦን መንደይ»፣ «ኢን ሴፕቴምበር»። ወሩ ከነቀኑ ከተጠራ ቀን ሆኗልና «ኦን ሴፕቴምበር 11» ይሆናል። ጠዋት «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ነው፤ ሰኞ ጠዋት ግን «ኦን መንደይ ሞርኒንግ»። ሌሊት ደግሞ ያለ «ዘ» «አት ናይት» ይባላል። «ኔክስት»፣ «ላስት» ወይም «ኤቭሪ» ከቀደመ መስተዋድዱ ይወድቃል፦ «ኔክስት መንደይ» ብቻ። (ከጠዋቱ 2 ሰዓት ለእነሱ 8 መሆኑን የረሳ ሰው አትን በትክክል ቢጠቀምም ቀጠሮው አምልጦታል።)

ብዙ ሰው የሚወድቅበት «ውስጥ» ላይ ነው። «በአንድ ሰዓት ውስጥ እደርሳለሁ» ለማለት «ኢን አን አወር» ካሉ፣ ሰሚው የሚጠብቅዎት ሰዓቱ ሲሞላ ነው። ከዚያ በፊትም ሊደርሱ የሚችሉ ከሆነ «ዊዚን አን አወር» ይበሉ። «እስከ»ም እንዲሁ ሁለት መልክ አላት። ሥራው እስከዚያ ድረስ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ከሆነ አንቲል፣ የመጨረሻ ቀን ብቻ ከሆነ ባይ ነው። በ«እስከ ዓርብ» ፈንታ «ከዓርብ ሳያልፍ» ብለው ይሞክሩት፤ ትርጉሙ ካልተበላሸ ባይ ነው። «እስከ ዓርብ እልክልዎታለሁ» ለማለት «አንቲል ፍራይደይ» ብሎ ለአለቃ መጻፍ ያልታሰበ ግራ መጋባት ያመጣል።

ቦታ ላይ ደንቡ አጭር ነው፤ ዙሪያው ሲከበብ ኢን፣ ገጽ ላይ ሲያርፍ ኦን፣ እንደ መገናኛ ነጥብ ሲታሰብ አት። የሚያስቸግረው መኪናና አውቶቡስ ነው። ቆመው በመተላለፊያው ሊራመዱበት የሚችሉት ኦን ነው፦ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን። መኪናና ታክሲ ኢን ናቸው።

ግስን ደግሞ ብቻውን አይሸምድዱ፤ ከነተከታዩ ይያዙት። «ጠበቅኩህ» ስንል መስተዋድድ የለንም፣ እንግሊዝኛው ግን «ዌይት ፎር» ይላል፤ «አዳመጥኩ»ም «ሊስን ቱ» ነው። ተገላቢጦሹም አለ። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ብለን ስለለመድን «ዲስከስ አባውት» እንላለን፤ ዲስከስ አባውትን አይፈልግም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» ለማለትም «ሜሪድ ዊዝ» ሳይሆን «ሂ ሜሪድ ኸር» ነው፤ «ወደ ቤት ሄድኩ»ም ያለ «ቱ» «አይ ዌንት ሆም»። በደብተርዎ አንድ ግስ ሲጽፉ ከጎኑ ስለራስዎ የሚናገር ሙሉ ዐረፍተ ነገር ያስፍሩ፤ ትርጉሙን ብቻ መጻፍ ተከታዩን ቃል ያስረሳል።

የየዕለት ሐረጎችም እንደዚሁ ናቸው። «ጉድ ናይት» ደህና እደሩ እንጂ እንደምን አመሹ አይደለም፤ ማታ እንግዳ ቤት ሲገቡ «ጉድ ኢቭኒንግ» ይባላል። ስልክ «ዘጋሁ» ሲሉም «ክሎዝ» አይሠራም። ንግግሩን ጨርሰው ከሆነ «ሀንግ አፕ»፣ ስልኩን አጥፍተው ከሆነ «ተርን ኦፍ» ነው።