ቴስታታ ከመግጠማችሁ በፊት ሲሲውን ለኩ

ሁለት ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል) ጎን ለጎን ብታስቀምጡ መንታ ሊመስሏችሁ ይችላሉ። የብሎን ቀዳዳቸው አንድ ነው፣ ብሎኩ ላይም ልክክ ይላሉ። እኔ በዚህ ተሸውጃለሁ። የጭነት መኪናዬ ሞተር ሼቭሮሌት 350 ነው፣ ባለ 8 ሲሊንደር ቤንዚን። ያገለገሉ ቴስታታዎች አግኝቼ ሳልለካ ገጠምኳቸው። ባዶውን ሲሄድ ደህና ነበር። ጭኜ ዳገት ላይ ነዳጅ ስሰጠው ግን ቆርቆሮ ውስጥ ሳንቲም የሚንቀጫቀጭ የሚመስል ድምፅ አመጣ። ሞተሩ ሲፈታ ሁለት ፒስተኖች ቀለበቱ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ተሰብረው ነበር።

የድሮው ቴስታታ የቃጠሎ ክፍል፣ ማለትም ነዳጁ የሚቃጠልበት ጎድጓዳ፣ 76 ሲሲ (ኩቢክ ሴንቲሜትር) ይይዛል። የገጠምኩት 64 ነበር።

አለካኩ ቀላል ነው። ቴስታታውን ገልብጡት። ካንዴላውን እሰሩ፣ ቫልቮቹም ዝግ ይሁኑ። ጠርዙን ግሪስ ቀብታችሁ፣ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ክደኑበት። ከዚያ ቀይ የካምቢዮ ዘይት በ20 ሲሲ ሲሪንጅ በቀዳዳው ጨምሩ። የመጨረሻዋ የአየር አረፋ እስክትወጣ ጠብቁ። የገጠምኩት ሦስት ሲሪንጅ ጠጥቶ በአራተኛው 4 ሲሲ ላይ ሞላ። የድሮው ግን ከአራተኛው 16 ወሰደ። እውነቱን ያየሁት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ኮምፕሬሽን ሬሾ ማለት ፒስተኑ ታች ሲሆን ያለው ቦታ ላይ ሲወጣ ለሚቀረው ቦታ ሲካፈል ነው። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋቱ 101.6 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 88.4 ነው። ስለዚህ አንዱ ሲሊንደር ወደ 717 ሲሲ ይጠርጋል። ላይ ለሚቀረው ቦታ እነዚህን ደምሩ፦ ቴስታታው 76፣ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መሀል የሚገባው ማሸጊያ) 8.5፣ ፒስተኑ ከብሎኩ አፍ ዝቅ ብሎ የሚተወው 5፣ የፒስተኑ አናት ጎድጓዳ 6። 95.5 ይሆናል። 717 ሲደመር 95.5፣ ለ95.5 ሲካፈል 8.5 ይመጣል። በ76 ፋንታ 64 አስገቡና እንደገና አስሉ። 9.6 ይሆናል። ከባድ ጭነት ለሚጎትት፣ በተራ ቤንዚን ለሚሠራ አሮጌ ሞተር ይሄ ብዙ ነው፤ ነዳጁ ከልክ በላይ ተጨምቆ በራሱ ይፈነዳል፣ ያ ድምፅም ከዚህ የመጣ ነው።

ወፍራም ጓርኒሲዮን ያወርደዋል የሚሉ አሉ። 1.5 ሚሊሜትር ብታደርጉት 9.2 ገደማ ነው፣ ግን ፒስተኑና ቴስታታው መሀል ያለው ክፍተት ይሰፋና ቃጠሎው ይበላሻል። እኔ ትክክለኛውን ቴስታታ መፈለግ እመርጣለሁ። የቴስታታውን ፊት በማሽን ካስላጣችሁም ሲሲው ስለሚቀንስ ድጋሚ ለኩ።

መፍታቱ ብዙ አያስቸግርም። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፣ ውሃው ይውረድ። ብሎኖቹን ከዳር ወደ መሀል በየተራ አላሉ። ፑሽሮዶቹን (ቫልቮቹን የሚያስከፍቱትን ዘንጎች) ካርቶን በስታችሁ በቅደም ተከተል ሰኩ፤ እያንዳንዱ የለመደው ቦታ አለው።

ስትገጥሙ የብሎኩን ፊት አጥሩ፣ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሙበትና በፊለር ጌጅ (ክፍተት በሚለኩ ስስ ብረቶች) ፈትሹ። 0.1 ሚሊሜትር የሚገባ ከሆነ ወደ ማሽን ውሰዱት። የዚህ ሞተር የቴስታታ ብሎኖች፣ በአንድ በኩል 17 ናቸው፣ ጫፋቸው ውሃው ውስጥ ይገባል። ጥርሳቸውን ማሸጊያ ካልቀባችሁት ውሃው በጥርሱ በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር አጥብቁ፦ 40፣ 65፣ በመጨረሻም 88 ኒውተን ሜትር። በዲግሪ የሚጠብቅ ብሎን ያለው አዲስ ሞዴል ከሆነ የራሱን ማኑዋል ተከተሉ።

እኔ 76 ሲሲዎቹን መልሼ፣ ፒስተኖቹን ቀይሬ አሰርኩት። ያንኑ ዳገት ጭኜ ስወጣ መስኮቱን ከፍቼ ጆሮዬን ሰጠሁት፤ ያ ድምፅ የለም።